ሰው መሳይ በሸንጎ፦ ሳይኮፓትና ናርሲስት የሚለያዩት ምኑ ላይ ነው?

ይህ ጽሑፍ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የዕድር አዳራሽ ለሽማግሌዎች፣ ለወላጆችና ለወጣት ባለትዳሮች ያደረግኩት ንግግር ነው። ከድምፅ ቅጂው ሲገለበጥ ብዙም አልነካካሁትም።

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ እንደምን ዋላችሁ? ከኋላ የቆማችሁ ልጆች፣ እዚህ ፊት ለፊት ወንበር አለ። ኑ፣ ቅረቡ።

ቅዳሜ ከሰዓታችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሰርግ የሚጠብቃችሁ አላችሁ። ለቅሶ የምትደርሱም አላችሁ። ስለዚህ ቶሎ ወደ ጉዳዩ ልግባ።

ዛሬ የምናወራው ስለ ሁለት ዓይነት ሰዎች ነው፤ ኅሊናው ስለማይቆነጥጠው ሳይኮፓትና ከሁሉ በላይ ልታይ፣ ልደነቅ ስለሚለው ናርሲስት። አሁን አሁን ስማቸው በየቦታው ይነሣል። ቲክቶክ ስትከፍቱ የቀድሞ ፍቅረኛ ሁሉ ናርሲስት ነው፣ አለቃ ሁሉ ሳይኮፓት ነው። ሁለቱ እንደ አንድ ነገር ይጠራሉ። አንድ አይደሉም። ደግሜ እላለሁ፣ አንድ አይደሉም። አንዱን የምንይዝበት መንገድ ለሌላው አይሠራም፤ እንዲያውም ጉዳት ያመጣል። ይህን ለማወቅ ደግሞ ከማንም በላይ እናንተ ሽማግሌዎች ቅርብ ናችሁ። የተጎዳውም የጎዳውም መጨረሻ ላይ የሚመጣው እናንተ ፊት ነውና።

ሦስት ነገር አነሣለሁ። አንደኛ፣ ሳይኮፓት ምን ዓይነት ሰው ነው? ሁለተኛ፣ ከናርሲስት በምን ይለያል? ሦስተኛ፣ በቤታችንና በሽምግልናችን ውስጥ ሲገጥመን ምን እናድርግ?

ከመጀመሪያው ልነሣ።

ሳይኮፓት እብድ አይደለም። ይህን እባካችሁ ያዙልኝ። አእምሮው የታመመ ሰው የሌለ ድምፅ ሊሰማ ይችላል፣ የሌለ ነገር ሊያይ ይችላል፣ ከእውነታው ሊርቅ ይችላል። አማኑኤል ሆስፒታል የሚታከሙ ወገኖቻችንን ከዚህ ነገር ጋር አትቀላቅሏቸው። እነሱ ሌላውን ከሚጎዱ ይልቅ ራሳቸው የሚጎዱ ሰዎች ናቸው። ሳይኮፓት ግን የሚሠራውን ያውቃል። ሕጉን ያውቃል። የእናንተንም ስሜት ያውቃል። ማወቅ ሌላ፣ መሰማት ሌላ። እሱ ያውቃል እንጂ አይሰማውም።

ሳይኮፓት ሁሉ ነፍሰ ገዳይም አይደለም። ተመራማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚጠቅሱት ግምት ከመቶ ሰው አንድ ያህል ነው። እስር ቤት ውስጥ ቁጥሩ ብዙ እጥፍ ይሆናል። ግን ብዙዎቹ በሕይወታቸው የእስር ቤት ደጃፍ አይረግጡም። ቢሮ ይገባሉ፣ ይነግዳሉ፣ ያገባሉ፣ ይወልዳሉ።

ሐርቪ ክሌክሊ የሚባል አሜሪካዊ የአእምሮ ሐኪም ነበር። ጆርጂያ ግዛት፣ ኦገስታ ከተማ ነው የሠራው። እንደ ፈረንጆቹ በ1941 (ዛሬ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) እነዚህን ሰዎች በዝርዝር የገለጸ መጽሐፍ አሳተመ። ያስገረመው ነገር ምን ነበር? ሰዎቹ ሲያወሩ ከማንም ጤነኛ ይበልጥ ጤነኛ ይመስላሉ። ተግባቢ ናቸው። አስተዋይ ናቸው። አይጨነቁም። የጤነኛ ሰው ጭንብል አጥልቀዋል ነው ያለው። አባቶቻችን ሰው መሳይ በሸንጎ የሚሉት እንዲህ ያለውን ነው።

ከእሱ በኋላ ሮበርት ሔር የሚባል ካናዳዊ የሥነ ልቦና ሊቅ መጣ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ውስጥ እስር ቤት ይሠራ ነበር። አንድ ቀላል ሙከራ አደረገ። እስረኞቹን አስቀምጦ ቁጥር በተራ ያሳያቸዋል። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ስምንት ላይ ሲደርስ ኤሌክትሪክ እንደሚነዝራቸው ያውቃሉ። እኛ ብንሆን አራት ላይ እጃችንን ያልበናል። ስድስት ላይ ልባችን ይመታል። ስምንት ከመድረሱ በፊት ጨርሰን ተሰቃይተናል። ሳይኮፓቶቹ ግን ቁጥሩ ሲቃረብ ላባቸው እምብዛም አልጨመረም። የሚመጣው ቅጣት አስቀድሞ አያስፈራቸውም።

ይህ ለምን ትልቅ ነገር ሆነ? ኅሊና ከየት እንደሚመጣ ስለሚያሳይ ነው። ልጅ ሆናችሁ ወንድማችሁን ስትመቱ እናታችሁ ስትቆጣ ምን ተሰማችሁ? ሆዳችሁ ተላወሰ። ወንድማችሁ ሲያለቅስ ስታዩ የሆነ ነገር ቆነጠጣችሁ። በሚቀጥለው ጊዜ እጃችሁ ሲነሣ ያ ነገር ያዝ አደረገው። ሳይኮፓት ላይ ይህ የሚይዝ ነገር ደካማ ነው። አሚግዳላ የሚባል ስሜትን የሚያስተናግድ የአእምሮ ክፍል አለ፤ የፈራ ሰው ፊት ሲያዩ ይህ ክፍላቸው ከሌላው ሰው ያነሰ ምላሽ እንደሚሰጥ በተደጋጋሚ ታይቷል። የሌላው ፍርሃት አይነካቸውም። የራሳቸውም ብዙ አይነካቸውም።

ሔር በኋላ መለኪያ አዘጋጀ። 20 ነጥቦች አሉት። እያንዳንዱ ዜሮ፣ አንድ ወይም ሁለት ይሰጠዋል፤ ጣሪያው 40 ነው። ሰሜን አሜሪካ ውስጥ 30ና ከዚያ በላይ ያገኘ ሳይኮፓት ይባላል። መለኪያውን የሚሞላው የሠለጠነ ባለሙያ ነው። ሰውየውን ለሰዓታት ያነጋግራል፣ መዝገቡን ያገላብጣል። ለምን መዝገብ? ሰውየው ይዋሻላ! ስለዚህ እኅቴ፣ ባልሽን ሶፋ ላይ ተቀምጠሽ በስልክ ልትለኪው አትችይም። ወንድሜ፣ አንተም አማትህን አትችልም።

አሁን አንድ ታሪክ ልንገራችሁ።

ልጅ ሆኜ ሰፈራችን ውስጥ አንድ ሰው ነበር። ሁሉም ይወደዋል። ለቅሶ ቤት ድንኳን ሲተከል ቀድሞ የሚደርሰው እሱ ነው። አቅመ ደካማ ሲያይ እጅ ይዞ መንገድ ያሻግራል። የልጆቹን ሁሉ ስም በቃሉ ያውቃል። ሰፈሩ ዕቁብ ሲጀምር ሰብሳቢ ማን ይሁን ሲባል ጣት ሁሉ ወደ እሱ ተቀሰረ።

ባሏ የሞተባት፣ ጉልት የምትቸረችር አንዲት እናት ነበረች። ሽንኩርትና ቃሪያ ነው የምትሸጠው። ዕጣው ወጣላት። ብሩ ግን እጇ አልገባም። ዛሬ ነገ፣ ዛሬ ነገ። ሲጣራ ብሩ የለም። የእሷ ብቻ ሳይሆን የሌሎችም የለም።

ሽማግሌ ተቀመጠ። የተቀመጡት እኛ ቤት ነው። እናቴ ቡና ታፈላለች፣ እኔ ቆሎ አዞራለሁ። ሰውየው ገና ሳይጠየቅ አለቀሰ። የሴትዮዋ ጉልበት ላይ ወደቀ። በልጁ ስም ማለ። «ሰይጣን አሳስቶኝ ነው» አለ። አንድ አዛውንት ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ። ሴትዮዋ ራሷ «ኧረ ይነሣ፣ እግዜር ይቅር ይበለው» አለች። ቀስ በቀስ ሊከፍል ተስማሙና ተመራርቀው ተነሡ።

እኔ እስካሁን የማልረሳው ከዚያ በኋላ የሆነውን ነው። ሰዎቹ እየተሳሳሙ ሲወጡ እሱ ወደ ጓዳ ብቅ አለ። ዓይኑ ደርቋል። ፊቱ ላይ ምንም የለም። እናቴን «ቶናው አለቀ እንዴ? አንድ ስኒ ድገሚኝ እስቲ» አላት። ቁሞ ጠጣ። እኔ ከያዝኩት ሰፌድ ቆሎ ዘገነና እያላመጠ ወጣ።

ብሩን አልከፈለም። ቆይቶ ደግሞ ዓይናቸውን የጠረጉትን እኚያን አዛውንት «ቦታዎን ጥሩ ዋጋ አሸጥልዎታለሁ» ብሎ ካርታቸውን ተቀበላቸው። እሳቸው ካርታቸውን ሳያዩት ሞቱ።

ይህ ሰው ሳይኮፓት ነበር ብዬ አልፈርድም። ማንም አልመረመረውም። ግን ስለ ሳይኮፓቲ ሳነብ፣ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ መጀመሪያ ፊቴ የመጣው ያ ቡና የጠየቀበት ፊት ነው።

እንዴት ነው ሰው እንዲያ አልቅሶ ወዲያው የሚደርቅለት? ሆላንድ ውስጥ፣ ግሮኒንገን ላይ የሠሩ ተመራማሪዎች በ2013 ያወጡት ጥናት አለ። ሳይኮፓት የሆኑ እስረኞችን በአእምሮ መመርመሪያ መሣሪያ ውስጥ አስተኝተው፣ የሰው እጅ ሲመታና ሲገፋ የሚያሳይ ፊልም አሳዩአቸው። የሌላው ሰው ሕመም አእምሯቸው ላይ የሚያስነሣው ምላሽ ደካማ ነበር። ቀጥለው «አሁን የሰውየውን ስሜት ለመጋራት ሞክሩ» አሏቸው። ያን ጊዜ ምላሹ ከሌላው ሰው ጋር ወደ መቀራረብ መጣ። ምን ማለት ነው? ርኅራኄው ጨርሶ የለም ማለት አይደለም። እኛ ሳንጠራው ይመጣብናል። እነሱ ግን ካልጠሩት አይመጣም። የሚጠሩትም ሲጠቅማቸው ሊሆን ይችላል።

ወደ ሁለተኛው ነጥብ ልለፍ። እዚህ ላይ ቆየት እላለሁ፤ ታገሡኝ።

ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣሁ የተቀጠርኩበት መሥሪያ ቤት ነበር። ስሙ ይቅር። አለቃችን ጎበዝ ሰው ነው፤ ይህን መካድ አይገባም። ቢሮው ውስጥ ከአንድ ባለሥልጣን ጋር የተነሣው ትልቅ ፎቶ ተሰቅሏል። የእንግዳ ወንበሩን ያስቀመጠው ልክ ፎቶው ፊት ለፊት ነው። አንድ መሥሪያ ቤት የምስጋና ደብዳቤ ሲልክልን የእሱ ስም ላይ አንድ ፊደል ስለተሳሳተ ደብዳቤውን መልሶ ላከው።

አንድ ቀን ስብሰባ ላይ እንግዶች አንዲት ባልደረባችንን በስሟ አመሰገኑ። ሪፖርቱን የጻፈችው እሷ ናት። አለቃችን ፈገግ ብሎ አጨበጨበ። ከማግስቱ ጀምሮ ግን ሰላምታዋን አይመልስም። ጠረጴዛዋ ኮሪደር ጥግ ሄደ። የመስክ ሥራ ሲመጣ ስሟ ይዘለላል። «ምን አጠፋሁ?» ብላ ብትገባ «ማን ምን አለሽ?» ብሎ መለሳት። መጨረሻ ላይ ለቀቀች።

ታዲያ አንድ ምሽት ሁሉም ወጥቶ እኔ ሥራ ይዞኝ ቀርቼ ነበር። መጣና ከፊቴ ተቀመጠ። ዝም ብሎ ቆየ። ከዚያ «ሠራተኛው ስለ እኔ ምን ይላል?» አለኝ። ደግሞ ጠየቀኝ። «እውነቱን ንገሪኝ፣ ምን ይላል?» እንቅልፍ እንዳጣ ዓይኑ ይናገራል።

ልብ በሉ። ያ የዕቁቡ ሰው ይህን ጥያቄ በሕይወቱ ጠይቆ ያውቃል? አያውቅም! ሰው ምን እንደሚል ለእሱ የሥራ መረጃ ነው። ተነቃብኝ ወይስ አልተነቃብኝም? በቃ። አለቃችን ግን በሰው ዓይን ውስጥ ካላየ ራሱን አያገኘውም። ልዩነቱ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ናርሲስት ይፈልጋችኋል። ምስጋናችሁን ይፈልጋል፣ ጭብጨባችሁን ይፈልጋል፣ ቅናታችሁን ሳይቀር ይፈልጋል። ከናቃችሁት ይቆስላል። ሳይኮፓት የሚፈልገው እናንተን አይደለም፤ ያላችሁን ነው። ብራችሁን፣ ቤታችሁን፣ ገላችሁን፣ ስማችሁን። ያ ሲያልቅ ስልክ ቁጥሩን ቀይሮ ይሄዳል። አንዲት ሴት ናርሲስቱን ስትለየው ያሳድዳታል፣ ይሳደባል፣ ዘመድ ይልካል፣ ፌስቡክ ላይ ይጽፋል። ሳይኮፓቱን ስትለየው፣ የሚወስደው ካልቀረ፣ ላያስታውሳት ይችላል።

ቁጣቸውም ይለያያል። በ1998 ቡሽማንና ባውማይስተር የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ተማሪዎችን አጭር ጽሑፍ አጻፉ። ለአንዳንዶቹ ጽሑፋቸው በጣም መጥፎ እንደሆነ ተነገራቸው። ቀጥሎ ተማሪዎቹ ሌላ ሰው ላይ ኃይለኛ ድምፅ የመልቀቅ ዕድል ተሰጣቸው። የናርሲሲዝም ነጥባቸው ከፍ ያለው የሰደባቸው ሰው ላይ ነው አብዝተው የለቀቁት። ያልነካቸው ሰው ላይ ያንን አላደረጉም። ናርሲስት ሲነካ ደም ፍላት ነው። እንደ አለቃችን ደግሞ አንዳንዱ አምቆ ይይዝና ቀስ እያለ ይበቀላል። ሳይኮፓት ላይ ብዙ ጊዜ የሚታየው ግን ጥቅም አስልቶ፣ ሳይቆጣ የሚያደርሰው ጉዳት ነው። በእርግጥ እሱም በትንሽ ነገር ሊገነፍል ይችላል፤ ነገር ግን ገንፍሎ ሲያበቃ ምንም እንዳልተፈጠረ ምሳውን ይበላል።

ኀፍረትስ? ብዙ ናርሲስት ውስጡ ኀፍረት ሞልቶታል። ከኀፍረት ለመሸሽ ነው ያን ሁሉ ትልቅነት የሚገነባው። ሲነቃበት ይክዳል፣ ጥፋቱን ባንተ ላይ ያዞራል፣ ማታ ግን አልጋው ላይ ይገላበጣል። ሳይኮፓት ዓይኑን በጨው ያጠበ ነው። ሲነቃበት ቀና ብሎ ያይሃል። ወይ ይስቃል፣ ወይ ሌላ ታሪክ ይፈጥራል።

ደግሞ ናርሲስት ሁሉ ጮክ ብሎ የሚናገር እንዳይመስላችሁ። ድምፁን ያጠፋም አለ። አኩራፊ ነው። ሁሌም የተበደለው እሱ ነው። «እኔ የለፋሁትን ማን አየልኝ?» እያለ የሚኖር፣ በሌላው ሠርግ ላይ የሚያኮርፍ። ውስጡ ያው ነው፤ ከሌላው በላይ መታየት አለብኝ ነው። ይህን ዓይነቱን እኛ አገር ብዙ ጊዜ ትሑት ነው ብለን እናልፈዋለን።

በሕክምናው መዝገብም ቦታቸው ይለያያል። ናርሲሲዝም እንደ ስብዕና መታወክ አሜሪካውያን ሐኪሞች የሚጠቀሙበት መመሪያ ውስጥ የገባው በ1980 ነው። ከዘጠኝ ምልክቶች ቢያንስ አምስቱ ያስፈልጋሉ። ሳይኮፓቲ ግን በ2013ቱ እትምም ራሱን የቻለ ምርመራ አይደለም። ለእሱ ቅርብ የሆነው ጸረ ማኅበራዊ የስብዕና መታወክ የሚባለው ነው። እሱም ከ18 ዓመት በታች ላለ ሰው አይሰጥም።

ሁለቱ አንድ ሰው ላይ ሊኖሩ ይችላሉ ወይ? ይችላሉ። አንድ የታወቀ ምሳሌ ላንሣ። ቴድ ባንዲ የሚባለውን አሜሪካዊ ነፍሰ ገዳይ ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል። ሕግ ተምሯል። ሲያትል ከተማ ውስጥ ራሳቸውን ሊያጠፉ የሚያስቡ ሰዎች በሚደውሉበት የስልክ መስመር ላይ ሠርቷል። ሐምሌ 1974፣ እንደ ፈረንጆቹ፣ ሰው በሞላበት የሐይቅ ዳርቻ እጁን በጨርቅ አንጠልጥሎ የተጎዳ መስሎ ሴቶችን እርዳታ ጠየቀ። «ጀልባዬን በማንሣት እርዱኝ» ነው የሚለው። በዚያ አንድ ቀን ሁለት ሴቶች ጠፉ። ያጠመደው በምን ነበር? በደግነታቸው! ይህ የሳይኮፓት ወገኑ ነው።

በ1979 ፍሎሪዳ ሲከሰስ ጠበቆቹ ከዓቃቤ ሕግ ጋር ተደራደሩ። ጥፋተኛ ነኝ ካለ 75 ዓመት ይታሰራል፣ ከሞት ይተርፋል። መጨረሻው ሰዓት ላይ እምቢ አለ። ካሜራ ፊት ራሱን በራሱ መከራከር መረጠ። ዳኛና ጋዜጠኛ የሚያደንቀው ጠበቃ ሆኖ መታየት ፈለገ። ተፈረደበት፣ በ1989 በኤሌክትሪክ ወንበር ተገደለ። ጥቅሙን ብቻ የሚያሰላ ሰው ቢሆን ነፍሱን ያተርፍ ነበር። ነፍሱን ያስከፈለው የናርሲስት ወገኑ ነው። የሚገርመው ደግሞ፣ ከፍርዱ በፊት እንዲመረምሩት ከተጠሩት ሐኪሞች አንዱ ያ ቅድም ያነሣሁላችሁ ክሌክሊ ነበር፤ ያን ጊዜ አርጅቷል።

ሦስተኛው ነጥብ። ምን እናድርግ?

አንዲት እኅት ወደ እኔ መጣች። ማንነቷ እንዳይታወቅ ታሪኳን ቀያይሬዋለሁ። ባሏ ናርሲስት እንደሆነ ከቪዲዮ ተምራለች። «አድንቂው፣ አትከራከሪው፣ ይለሰልሳል» የሚል ምክር ይዛ ለረጅም ጊዜ ስታደንቀው ኖራለች። ሳነጋግራት ሰውየው ለአድናቆት ደንታ የለውም። ብትሰድበውም አይሞቀውም አይበርደውም። በእሷ ስም ተበድሯል። የእናቷን ወርቅ ሸጧል። ሲያዝ እንደ ሰዉ ሁኔታ ያለቅሳል ወይም ይስቃል። ከእሷ በፊት ያገባት ሴትም ባዶ እጇን ነው የቀረችው። ሰውየውን ስላልመረመርኩት ስም አልለጥፍበትም። ግን ንገሩኝ፣ ለዚህ ሰው አድናቆት ምን ይፈይዳል? ለእሷ ያስፈለጋት ጠበቃ ነው። ባንክ ሄዳ በስሟ ያለውን ማጣራት ነው። ዘመድ ቤት ማረፊያ ነው። እስክትደርስበት ግን በአድናቆት ያባከነችው ጊዜ ነበር፤ በዚያ ጊዜ ነው ወርቁ የተሸጠው።

አባቶቼ፣ እዚህ ላይ በትልቅ አክብሮት ልለምናችሁ። ሽምግልናችን ድንቅ ነገር ነው። ፖሊስና ፍርድ ቤት ያልቻለውን ያስታርቃል። ግን ሽምግልና የሚሠራው ይሉኝታ ባለው ሰው ላይ ነው። በሰው ፊት መዋረድን የሚፈራ፣ መሐላ የሚከብደው ሰው ያስፈልገዋል። ናርሲስት በአደባባይ ሲወቀስ እንደ እባብ ይነሣል፤ እሱን ለብቻ ወስዳችሁ፣ ክብሩን ጠብቃችሁ፣ ግን ጥፋቱን ሳታድበሰብሱ ብታናግሩት አንዳንዴ ይሰማል። ሚስቱ ስትለየው፣ ሥራው ሲበላሽ፣ ሲከፋው ወደ ባለሙያ የሚመጣም አለ፤ እኔም አይቻለሁ። ይሉኝታ የሌለው ሰው ሲገጥማችሁ ግን ያ ሁሉ መሣሪያችሁ በእጁ ይገባል። እንባውን እሱ ያወጣል፣ ምሕረቱን እናንተ ትሰጣላችሁ፣ ዕዳውን ተበዳይዋ ትከፍላለች።

ስለዚህ እንባ አትቁጠሩ። መሐላም አትቁጠሩ። ብሩ ተመልሷል ወይ? ብላችሁ ጠይቁ። ዕርቁን ከከፈለ በኋላ አድርጉት እንጂ አስቀድማችሁ አታድርጉት። ከዚህ በፊት ማንን ነው የበደለው? የቀድሞ ሚስቱን፣ የቀድሞ ሸሪኩን፣ ወንድሙን አስጠሩ። አንድ ጥፋት ማንም ያጠፋል። በየሄደበት የተበላ ሰው ጥሎ የመጣን ሰው ግን በእንባው አታሳልፉት። በተለይ በተለይ፣ የተደበደበችን ሴት «ይቅር በይው፣ ልጆችሽን አስቢ» ብላችሁ እቤቱ አትመልሷት። እባካችሁ። ይህን የምለው የመለሷት ሽማግሌዎች በኋላ ለቅሶዋ ላይ ሲቀመጡ አይቼ ነው።

ወላጆች ሆይ፣ ለእናንተም አለኝ።

ናርሲስት ልጅ እንዴት ያድጋል? ሆላንድ ውስጥ ከ7 እስከ 12 ዓመት ያሉ ልጆችን ከነወላጆቻቸው የተከታተለ፣ በ2015 የወጣ ጥናት አለ። «ልጄ ከሌሎች ልጆች ይበልጣል፣ የተለየ ነገር ይገባዋል» የሚሉ ወላጆች ልጆች ላይ ናርሲሲዝም ጨመረ። ፍቅር የሚያሳዩ ወላጆች ልጆች ላይ ግን የጨመረው ጤናማ በራስ መተማመን ነው። እኛ ቤት ካርድ ሲመጣ መጀመሪያ የምንጠይቀው ምንድን ነው? «ስንተኛ ወጣህ?» ነው። ልጁ አምስተኛ ሲወጣ ፊታችን ይቀየራል። አንደኛ ሲወጣ ጎረቤት ይጠራል። ልጁ የሚማረው ሒሳብ ብቻ አይደለም። የሚወደደው ሌላውን ሲበልጥ ብቻ እንደሆነም ይማራል። ውደዱት፣ እቀፉት። ከጎረቤት ልጅ አታበላልጡት።

ሳይኮፓቲ ላይ ውርስ ጠንከር ይላል። እንግሊዝ ውስጥ የ7 ዓመት መንትዮችን ያጠኑ ተመራማሪዎች በ2005 እንዳሳዩት፣ የሰው ስሜት የማይነካቸው ልጆች ላይ የዘር ድርሻው ትልቅ ነው። ታዲያ አለቀለት ማለት ነው? አይደለም! ጄምስ ፋለን የሚባል አሜሪካዊ የአእምሮ ተመራማሪ የነፍሰ ገዳዮችን የአእምሮ ምስል ሲያጠና የራሱን ምስል ከእነሱ ጋር ተመሳስሎ አገኘው። ሰው ገድሎ አያውቅም፤ ባለትዳር፣ የልጆች አባት፣ መምህር ነበር። እሱ ራሱ ምክንያቱን ያገኘው በፍቅር ባሳደጉት ወላጆቹ ውስጥ ነው።

ቤታችሁ ውስጥ እንስሳ የሚያሰቃይ፣ ታናሹን ጎድቶ ምንም የማይመስለው፣ ብትገርፉት የማይመለስ ልጅ ካለ ምን ታደርጋላችሁ? ብዙዎቻችን ዱላውን እንጨምራለን። ቅጣት እንደማያስፈራቸው ቅድም አይተናል፤ ስምንት ቁጥር ሲመጣ የማያልበው ልጅ በርበሬ ቢታጠን ምን ይማራል? ጭካኔን ብቻ ይማራል። ዊስኮንሲን ግዛት፣ ማዲሰን ከተማ፣ ሜንዶታ የሚባል የወጣቶች ማከሚያ አለ። በ1995 ነው የተከፈተው። ሌላ ቦታ ያስቸገሩ፣ በጣም አደገኛ የተባሉ ልጆች ይገባሉ። እዚያ ቅጣት በቅጣት ላይ አይደራርቡም። በየዕለቱ ጠባያቸው ይመዘናል፤ ለደህና ጠባይ በማግስቱ ሽልማት አለ። ትንሽ ነገር ነው፤ ተጨማሪ የጨዋታ ጊዜ፣ የሚወዱት መክሰስ። ሠራተኛው ቢሰደብም ግንኙነቱን አይቆርጥም። ከዓመታት በኋላ ሲነጻጸር፣ ሜንዶታ ያልታከሙት ተመሳሳይ ወጣቶች 16 ሰው ገድለዋል። የታከሙት አንድም አልገደሉም።

ስለዚህ እንዲህ ያለ ልጅ ያላችሁ እናቶች፣ አትደብቁት። የእርግማን ምልክት አይደለም። ጠበል መውሰዱንም አልከለክልም፤ ውሰዱት። ግን ባለሙያም ያየው። ገና በልጅነቱ ይሁን። ሲያጠፋ አጭርና ግልጽ ቅጣት፣ ሲያለማ ግን ወዲያው፣ በዚያው ቀን ምስጋናና ሽልማት። ከዱላው ይልቅ ይህ ነው የሚገባው።

አሁን ጥያቄ እቀበላለሁ። ማይኩ ከዚያኛው ጥግ ይጀምር። አንድ ነገር ግን ላሳስብ፦ ስለ ባላችሁ፣ ስለ ሚስታችሁ፣ ስለ ልጃችሁ ልትጠይቁ የፈለጋችሁ እዚህ ሰው ፊት ስም አታንሡ። እስከ ማታ እዚሁ ነኝ። ለብቻችሁ አናግሩኝ።